የወጌሻዋ ጥበብ ለማን ይገባል

በአንድ ወቅት፣ ብቸና አጠገብ ይርገዱ የምትባል ወጌሻ ነበረች። የወለቀ ትከሻ፣ የተሰበረ እግር ዳስሳ ስትመልስ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ጥበቧ ከአያቷ የወረደ ነው፤ በአንድ ትውልድ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል።

ስድሳ ሲሞላት ፊቷ ያብጥ፣ ሆድ ድርቀት ያሠቃያት ጀመር። ቀጥሎ የሰው ስም ይጠፋባት ጀመር። አንድ ቀን ቀኝ ክንዱ ለተሰበረ ገበሬ ግራውን ጠቀለለችለት። ያን ጊዜ አገሩ «አበደች» አለ። ስማቸው የሚባለው ሁለተኛ ልጇ ገመድ ይዞ፣ ሽማግሎች አስከትሎ፣ አስረው ጠበል ሊወስዷት መጡ።

ይርገዱ ቀና ብላ አየቻቸው። «አላበድኩም። ራሴን ጉም ሸፈነው እንጂ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ያመነቻት ታላቋ ልጇ ማንጠግቦሽ ብቻ ነበረች። ገመዱን በማጭድ በጠሰችው። ባሏ «ከእብድ ጋር ከሄድሽ አትመለሺ» ቢላትም እናቷን ይዛ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ የይርገዱ ኩላሊት መድከሙን፣ በሽንት መውጣት የነበረበት መርዝ በደሟ ተጠራቅሞ አእምሮዋን ማደንዘዙን፣ የአንጀቷ መድረቅም ሳያብስባት እንዳልቀረ ነገራት። ማንጠግቦሽ ትዳሯ በዚያው ፈረሰ።

የኩላሊት እጥበት ተጀመረ። ጉሙ ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል። የይርገዱ ታናሽ ልጅ አዝመራ ልብስ ስፌቷን ትታ አንድ ዓመት ሙሉ ከእናቷ አልተለየችም። ወጧን ጨው ነሳች፣ ውኃዋን ለካች። ሆዷ በለሰለሰ ቀን ንግግሯም እንደሚቃና ያስተዋለች እሷ ናት። ለሐኪሙ ነግራ የሆድ ድርቀት መድኃኒቷን አስለወጠች፤ ይርገዱም የልጆቿን ስም መጥራት ጀመረች።

ስማቸው ይህን ሰምቶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም። ተመርምሮ ኩላሊቱ ለእሷ ስለተስማማ አንዱን ሰጣት። እሱ የጭነት ሠራተኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ከባድ ዕቃ አላነሣም።

ይርገዱ ዳነች። ያ ገበሬ እንኳ ተጣሞ የቀረውን ክንዱን ይዞ ተመልሶ መጣ። ሽማግሎቹም ጥበቡን ለወንድ ልጇ እንድታወርስ መከሯት።

«ልታስሩኝ የመጣችሁ፣ ዛሬ ወራሽ ልትመርጡልኝ ነው? አእምሮዬን ለመለሰልኝ እሰጣለሁ» አለች።

ሦስቱንም ልጆቿን ትክ ብላ አየች። አንዷ ማንም ሳያምናት አመነቻት። አንዷ ቀን በቀን ከጉሙ ውስጥ ጎተተቻት። አንዱ ሊያስራት መጥቶ ነበር፣ ዛሬ ግን በሕይወት ያለችው በእሱ ሥጋ ነው።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፦ የይርገዱን አእምሮ የመለሰው ማን ነው? ጥበቡስ ለማን ይገባል?