ተኝተው የጠጡት

አንድ ሰው ነበረ፤ የጭነት መኪና ነበረው። ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ የእድር ዳኛው፤ በእድራችን ወሬ እያመላለሰ የሚያባላንን ሰው በምን ለይቼ ላውጣው ነው ያልከኝ። እሱ ጋ እደርሳለሁ፤ ታገሠኝ።

ይህ ሰው መኪናውን ለአበልጁ ሰጥቶ ያሠራው ነበር። አበልጁ ከቆላ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል፤ አራግፎ ባዶውን ይወርዳል። የባለመኪናውን ልጅ ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። በአንድ ገበታ የሚቀርቡ፣ ሚስቶቻቸው እንኳ እንደ እህት የሚተያዩ ሰዎች ነበሩ። ያ መኪና ባይመጣ ኖሮ ክፉ ሳይነጋገሩ ባረጁ ነበር።

መኪናው አዲስ ነው፤ ሆኖም የሞተሩ ዘይት ይጎድል ጀመር። ባለመኪናው ተንበርክኮ ከሥሩ ያለውን መሬት አየ፤ ጠብታ የለም። ሞላው፤ ደግሞ ጎደለ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ሰው ወይ ይጠይቃል፣ ወይ ይጠረጥራል። እሱ መጠየቅን እንደ ሞኝነት ቆጠረውና ዝም ብሎ መከታተል ያዘ።

ሲከታተል አንድ ነገር ተገለጠለት። መኪናው ተጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ዘይቱ ምንም አይሆንም፤ የሚጎድለው ባዶውን ሲወርድ ነው። ሲወጣ ባለሽንኩርቱ ነጋዴ ጋቢና ውስጥ አለ፤ ሲወርድ አበልጁ ብቻውን ነው። ባለመኪናው ይህን ከዚያ ጋር አገናኘው። ሰው እያየው አይነካም፣ ብቻውን ሲሆን ይቀዳል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?

ከዚያ ወዲህ የአበልጁ ነገር ሁሉ ሌላ ሆነበት። ከሳቀ በእኔ ነው የሚስቀው፣ ዝም ካለ ጉዱን ስለሚያውቅ ነው። አበልጁ ለክርስትና ልጁ ጫማ ይዞ ሲመጣ እንኳ ባለመኪናው ጫማውን አገላበጠና «በዘይቴ የተገዛ» አለ በሆዱ። በመጨረሻ ማንም ሳያየው ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መሙያውን ክዳን በቀይ ክር አሰረው። ከሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎንም እንዲሁ አሰረ።

መኪናው ደርሶ ተመለሰ። ክሩ እንደታሰረ ነው፤ ዘይቱ ግን ጎድሏል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አፍሮ ይተወው ነበር። እሱ ግን «ፈትቶ መልሶ አሰረው፤ ይሄማ የለየለት ሌባ ነው» አለና ባሰበት። በሾፌሮች ሁሉ ፊት «ቁልፉን አምጣ!» አለው። አበልጁ ለምን አላለም፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠውና በእግሩ ሄደ። ለምን አለማለቱም ለባለመኪናው ሌላ ማስረጃ ሆነለት።

እንግዲህ ራሱ ነዳ። ሽንኩርቱን አድርሶ ባዶውን ብቻውን ወረደ። ሲደርስ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ አየ፤ ጎድሏል። ጋቢናው ውስጥ ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም።

መኪናውን ወደ ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈትቶ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ግማሾቹ ደረቅ ናቸው፤ ግማሾቹ በዘይት ርሰው ጠቁረዋል።

«ጋሼ፣ ይኼ ሞተር ጭነት ሲቀልለው ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ነዳጁ ከሚነድባቸው ሲሊንደሮች ግማሾቹን ያስተኛቸዋል» አለው። «ውስጣቸው ያለው ፒስተን ላይ ታች ይላል እንጂ እሳት የላቸውም። እንደዚያ ሥራ ፈትተው ሲውሉ ዘይቱን ከሥር እየሳቡ ይጠጡታል፤ ሲነቁ ያቃጥሉታል። መሬት ላይ ጠብታ ያላዩት ለዚህ ነው።»

ባለመኪናው መካኒኩንም ጠረጠረው። «አበልጄ ነው የላከህ?»

«ኧረ እኔ አበልጅዎን የት አውቃቸዋለሁ?» አለ መካኒኩ። «ማስተኛውን ልዝጋውና ሁሉም ይሥሩ። ነዳጁ ትንሽ ይጨምርብዎታል። ዘይት መጠጣቱን ካልተወ ግን ይምጡና ይውቀሱኝ።»

ዘጋለት። ባለመኪናው ባዶውን ወረደ፤ ዘይቱ እንዳለ አገኘው።

ቁልፉን ይዞ አበልጁ ቤት ሄደ። እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል አበልጁ ይዞ አነሣው። «ክሩን ያን ዕለቱኑ አይቼው ነበር» አለው። «መንገዱን ሙሉ ስመለስ ይጠይቀኛል እያልኩ ነበር። አልጠየቅኸኝም።»

ታረቁ። አበልጁ ዛሬም ያንኑ መኪና ይነዳል። ነገር ግን ዘይቱን ለማየት ኮፈኑን በከፈተ ቁጥር ባለመኪናውን ከቤቱ ያስጠራዋል። «ና ቁምና እይ» ይለዋል። ያም ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ የእድር ዳኛው። ድንኳን የምትተክሉት፣ ወንበር የምታመላልሱት፣ ለቅሶ ቤት የምታድሩት አንተና እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናችሁ። የቀሩትን «እናንተ አትልፉ፣ እኛ እንበቃለን» ብላችሁ አስቀመጣችኋቸው፤ ጭቅጭቅ ለመቆጠብ መሆኑ ነው። ታዲያ ድንኳኑ ጥግ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ምን እንዲያደርግልህ ፈለግህ? ሞተሩ እድራችሁ ነው፤ ዘይቱ መዋደዳችሁ ነው፤ የሚጎድለውም ባስተኛሃቸው በኩል ነው። እሑድ በስብሰባ ፊት ስሙን ልትጠራ ያሰብኸውን ሰው አውቀዋለሁ። አትጥራው፤ የድንኳኑን ካስማ ስጠውና ይትከል። ወሬው በዚህ ካልቆመ መጥተህ ውቀሰኝ። ስሙን ከጠራኸው ግን፣ ኋላ ንጹሕ ሆኖ ብታገኘውና ቢታረቅህ እንኳ፣ በዚያ ሰው ደጅ ቆመህ ኮፈን ሲከፈት እያየህ ነው የምትኖረው።