ለፋሲካ የምትቆየው ቅቤ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የራበው ይታገሥ።

በዐቢይ ጾም ቅበላ አንዲት ቅቤ እሳት ላይ ተጥዳ ትርበተበት ነበር። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ መድረስ አለባት፤ ከሸተተች የምትደፋው ጓሮ ነው።

ሦስት እንግዶች ሲጠጓት «እናንተስ ምን ልትሆኑኝ መጣችሁ?» አለች።

«ቢጫሽን ላደምቅልሽ» አለ ኩሩው እርድ።

«እንዳትሸቺ ላቆይሽ» አለ ቁጥቡ ኮሰረት። «ቁንጥር ብቻ ነኝ፤ ካበዙኝ ትመሪያለሽ።»

«እኔ ላወፍርሽ!» አለ ልዝቡ ሙዝ። «ማን ሊያውቅብን?»

«አንተስ እዚያው ልጣጭህ ውስጥ!»

ሙዝ አኩርፎ አጠገቧ ወደምትነጠረው እህቷ ሾልኮ ገባ።

ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ ማሰሮዎቹ ተከፈቱ። የእህቷ ሲከፈት የቤቱ እመቤት አፍንጫዋን ያዘች።  ከዚያ ወደ ቅቤ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች።

«እሰይ፣ ፋሲካዬ ዳነልኝ!»

ቅቤም ያን ጊዜ ዘና ብላ ወጡ ውስጥ ቀለጠች።

ተረቴን መልሱ፣ ወጡን ቅመሱ።