ለአለቷ አበባ የተደረገ እንክብካቤ

በዚያ ተራራ ላይ የመናገር ነጻነት ሙሉ ነበር። ማንም አውሬ በጉባኤ ፊት ቆሞ ያሻውን መናገር ይችላል፤ የሚጠበቅበት አስቀድሞ ንጉሥ አንበሳን ማመስገን ብቻ ነው። ምስጋናው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ፀሐይዋ፣ ስለ ንጉሡ አያት ቅድመ አያቶችም ጭምር ስለሆነ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። ጀምበር ስትጠልቅ ደግሞ ጉባኤው ይበተናል። እስካሁን አንድም ተቃውሞ አልተሰማም፤ ይህም ለአስተዳደሩ መልካምነት እንደ ምስክር ይቆጠር ነበር።

ጣጣውን ያመጣችው እመት ሽኮኮ ራሷ ናት። አንድ ቀን ግቢ እጅ ልትነሳ ሄዳ የምታወራው ብታጣ፣ ከጎሬዋ በላይ በአለቱ ስንጥቅ ስለበቀለችው ሐምራዊ አበባ አወራች። ሌላ ቦታ እንደማትገኝ፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ እንደምትፈካ ተናግራ ደረቷን ነፍታ ተመለሰች።

ንጉሡ እንቅልፍ አጡ። በማግሥቱ ጉባኤ ጠርተው «በእኛ ዘመን ድንጋይ ላይ የሚያድር ፍጥረት መኖሩ ያሳፍረናል» አሉ። የእንክብካቤ ሹሙ አያ ጅቦ፣ አበባዋ ወደ ግቢው ጥቁር አፈር ትውረድ፣ ፍግ ይደረግላት፣ ጠዋት ማታ ትጠጣ አለ።

እመት ሽኮኮ ክው አለች። አበባዋ ከድንጋዩ ከተላቀቀች እንደምትሞት ታውቃለች፤ በጉባኤው ውስጥ ይህን የማያውቅም አልነበረም። ተነስታ ምስጋናውን ጀመረች። ዝናቡን አመሰገነች፣ ሣሩን አመሰገነች፣ እየተቻኮለች ቅድመ አያቶቹ ላይ ስትደርስ ጀምበር ጠለቀች።

«እመት ሽኮኮ ሐሳቡን በሰፊው ደግፋለች» ብሎ አፈ ጉባኤው ቀበሮ ስብሰባውን ዘጋ።

አበባዋ ወረደች። ብዙም ሳትቆይ አንገቷን ደፋች።

«ምን ሆና ነው?» አሉ ንጉሡ።

«እጅ እየነሳች ነው ጃንሆይ» አለ አያ ጅቦ።

ጉባኤው በትሕትናዋ ተደነቀ። ሥሯ በስብሶ ስትወድቅም ምቾት አስተኝቷት ነው ተባለ። መሽተት ስትጀምር ግን ነገሩ ተመረመረ፤ ጥፋቱም የድንጋዩ ሆኖ ተገኘ። ከልጅነቷ ክፉ አመል አስለምዷት ኖሯል።

እመት ሽኮኮ መጥታ ስታያት የገዛ አፏን እየረገመች አለቀሰች። የንጉሡ ልብ ተነካ።

«አይዞሽ፣ አታልቅሺ» አሏት። «ዘግይተን ነው እንጂ አበባዋ ትድን ነበር። በእናንተ ግን አንዘገይም። ከነገ ጀምሮ ልጆችሽን ይዘሽ ከዚያ ድንጋይ ወደ ሜዳው ውረጂ።»

በተራራው ላይ የጅብ አፍ የማይገባበት ቦታ ያ የእመት ሽኮኮ የአለት ጎሬ ብቻ ነበር።

አያ ጅቦ በአክብሮት ብድግ አለ።

«ማደሪያቸውን እኔ አዘጋጃለሁ» አለ።