በአርማታው ቤት የተወለደችው

በአንድ ወቅት፣ ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ከጉም ውስጥ ቀስ እያለ በሚገለጥባት፣ ምድሩም እንቅልፍ እንዳጣ ሰው አልፎ አልፎ በሚገላበጥባት አንዲት የስምጥ ሸለቆ መንደር ውስጥ ዳንቺሌ የምትባል ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏን የገደለው የገዛ ቤታቸው ነው፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ የድንጋዩ ግድግዳ ተደረመሰበት። ከቀብሩ በኋላ ሁለቱ ወንድሞቹና እህቱ ተሰበሰቡና «ልጁ በአርማታ ቤት ነው የሚወለደው» ተባባሉ።

ታላቁ ኦልታዬ ብረት ሠራተኛ ነበር። የፌሮ ብረቱን ቆርጦና አጥፎ፣ በሽቦ እያሰረ የምሰሶዎቹን አጽም አቆመ። ጎረቤቶቹ «ለአንዲት ሴት ቤት ይህ ሁሉ ብረት ምን ያደርጋል?» አሉት።

«ሲሚንቶ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲጎትቱት ግን ይሰነጠቃል። ጉተታውን የሚችለው ብረት ነው» አላቸው። እስሩ የላላበትን ሁሉ ፈትቶ እንደገና አጠበቀ። እንጀራ መቁረስ እስኪያቅተው ድረስ ጣቶቹ ቆሰሉ።

ሁለተኛው ማዳልቾ ኮንክሪቱን አቦካ። አሸዋው ጭቃ አለበት ብሎ አጠበው። ምሰሶዎቹ በሚሞሉበት ቀን ያልታሰበ ዝናብ መጣና የተቦካው ቀጠነ። ሠራተኞቹ «ዝም ብለህ ምሰሶው ውስጥ ገልብጠው፤ ማን ያየዋል?» ቢሉት ሁሉንም ሜዳ ላይ ደፋው፤ ሸራ ወጥሮም እንደ አዲስ አስጀመራቸው። ለኦልታዬም «ብረትህ ራቁቱን ቢቀር ዝገት ይበላዋል፣ እሳትም ያለሰልሰዋል። እኔ ነኝ የማለብሰው» አለው።

ከዚያ ዝናቡ ጠፋ፤ ፀሐይ በረታች። እህታቸው ሽታዬ ከምንጩ ውሃ እየቀዳች፣ ጆንያ እያራሰች ምሰሶዎቹን ታለብስ ጀመር። እጮኛዋ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቶ ነበርና «ነይ፣ እንሂድ» አላት።

«ኮንክሪቱ ገና አልጠነከረም። አሁን ከደረቀ ይሰነጠቃል። ትንሽ ጠብቀኝ።»

አልጠበቃትም። ብቻውን ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እሷም በማግስቱ ጠዋት እንስራዋን አንስታ ወደ ምንጩ ወረደች።

ቤቱ አልቆ ከገባችበት በኋላ፣ ዳንቺሌን አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምጥ ያዛት። ንፋስ ሳይኖር ሐይቁ ተናወጠ፤ ነጫጭ የሐይቁ ወፎች ባንዴ ተነሥተው ሰማዩን ነጭ አደረጉት። ምድር ተንቀጠቀጠች። በመንደሩ ውስጥ የድንጋይ ግድግዳዎች ተራ በተራ ወረዱ። አዋላጇ ወደ በሩ ብትሮጥም የዳንቺሌ እጅ አልለቀቃትም። ቤቱ ውሃ ላይ እንዳለ ታንኳ ተወዛወዘ፤ ምሰሶዎቹ ዘንበል ብለው ተመለሱ፤ ጣሪያው ሳይወርድ ቀረ። አቧራው ሲሰክን፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መካከል የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ ነበረች።

በዚያ አገር ለልጅ ስም የሚያወጣው አባት ነው። አባት ከሌለ ግን ልጁን ለሕይወት ያበቃው ሰው ያወጣል። ሦስቱም ስም ይዘው መጡ።

«ቤቱ ዘንበል ብሎ የተመለሰው በብረቱ ነው» አለ ኦልታዬ።

«ያን የቀጠነ ኮንክሪት ምሰሶው ውስጥ ገልብጬው ቢሆን ብረትህ ምን ይዞ ይቆም ነበር?» አለ ማዳልቾ።

ሽታዬ የሕፃኗን እግር በመዳፏ ይዛ ነበር። «እኔ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ኮንክሪቱ ደርቆ ስንጥቅጥቁ ይወጣ ነበር፤ ብረቱም ራቁቱን ይቀር ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ዳንቺሌ አየቻቸው። «ሦስታችሁም አባት ሆናችሁላታል። ሦስት ስም ግን ልሰጣት አልችልም።»

እናንተ የምትሰሙ፣ ፍረዱ እስቲ፤ ሕፃኗን ታቅፎ ስሟን የሚጠራት ማን ይሁን?