በተዘጋ መስኮት የታየች ሳተርን

አንድ ሰው ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ በደብረ ብርሃን ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱን እጅግ የሚወድ ሰው።

ትርንጎ የምትባል ይህች ሚስቱ ዓይኗን ታመመች። ሐኪሙም፣ «እማማ፣ ብርሃንዎ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ማየት የሚወዱትን አሁን ይዩ» አላት።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ቃል የሰማ ባል ምን ያደርጋል? ይህ ሰው ሳተርንን፣ ያችን ባለቀለበት ፕላኔት፣ ለተማሪዎቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲስል ኖሯል። ለሚስቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አሳይቷት አያውቅም። ስለዚህም፣ ሌላ ሰው የተገለገለበትን አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ፈልጎ ገዛ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የማያውቅ ከእናንተ መካከል አለን? ሰውየውም ብርድ እንዳይመታት ፈራ። መስኮቱን ዘጋ፤ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሰካ፤ ቴሌስኮፑን በመስታወቱ ፊት አቆመ። ፀሐይ ጠልቃ ሳተርን እንደ ወጣች ሚስቱን ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«አየሽ?»

«አንድ የሚንቀጠቀጥ ነገር አያለሁ። ዘይት ውስጥ የወደቀ እንቁላል ይመስላል።»

«ደህና አድርገሽ እይ እንጂ! ቀለበቱ ወለል ብሎ ይታያል እኮ።»

ሌንሱን ወለወለ። ብሎኑን አጠበቀ። ይበልጥ የሚያጎላውን ሌንስ ቀየረበት።

«አሁንስ?»

«አሁንማ እንቁላሉ ተበጠበጠ።»

ከዚያ በኋላ ሳቋ ጠፋ። ፊቷን ከቴሌስኮፑ አነሣች፤ እጆቿንም ጭኗ ላይ አጣምራ አስቀመጠች። «በቃ መምህር፣ አይድከሙ። ዕቃው ደህና ነው፤ ያለቀው የእኔ ብርሃን ነው። የምሰፋበትን መርፌና ክሬን ነገ ለእህቴ እሰጣታለሁ።»

አሁን ልብ በሉ! ይህ ሰው ቀለበቱን አይቶ ነበርን? አላየም። ለእርሱም የታየው ያው የሚንቀጠቀጠው ነገር ነበረ። ቀለበት እንዳለ ከትምህርቱ ስለሚያውቅ፣ ደግሞም ሊያበረታታት ስለ ፈለገ፣ «ይታያል» አለ። ሊያጽናናት የተናገረው ቃል፣ ሕመሙ ገና ያልወሰደባትን ዓይን ሊወስድባት ነበር።

ሰውየው በአጠገቧ በርከክ አለ። «ትርንጎዬ፣ ዋሸሁሽ። ለእኔም ብዥ ይላል። አንድም ቀለበት አላየሁም።»

«እርስዎም?»

«እኔም።»

«እንዲህም ይደረጋል እንዴ! እኔ እኮ እዚህ ተቀምጬ የራሴን ተዝካር እያወጣሁ ነበር!» ብላ ትከሻውን መታ አደረገችው። ዓይኗ እንባ አዝሏል፤ አፏ ግን ይሥቃል። ቀጥላም ዙሪያዋን ተመለከተች። «ዓይኔ ካልሆነ ታዲያ ምንድር ነው? ያንን ግድግዳ ይዩት፣ ከምድጃው በላይ በሙቀቱ ሲርገበገብ። ኮከብዎም ልክ እንደዚያው ነው።»

መስኮቱን ቢከፍተው የቤቱ ሙቀት ወደ ውጭ ተግተለተለና ጭራሽ ባሰበት። ወደ ውጭ ከመውጣት በቀር መድኃኒት አልነበረውም።

«ብርዱስ?» አለ።

«ብርዱማ አሳደገኝ። ይልቅ ጋቢውን ያምጡ።»

ወጡ። ውጭም ቢሆን ወዲያው አልጠራም፤ ቴሌስኮፑ የቤቱን ሙቀት በሆዱ ይዞ ወጥቷልና እስኪበርድ መጠበቅ ነበረባቸው። አንዱን ጋቢ ለሁለት ለብሰው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ቆይቶም የመጀመሪያውን ሌንስ መልሶ አገባና ቦታውን ለቀቀላት። አሁን «ይታያል» አላለም። «ምን ታያለሽ?» ብቻ አለ።

ዓይኗን ወደ ሌንሱ አስጠግታ አየች።

«ቀለበቱ አይነካትም» አለች ቀስ ብላ። «ዙሪያዋን ከቧታል፣ ግን አይነካትም። በመካከላቸው ጨለማ አለ።»

ሰውየው ደነገጠ። ይህን እርሱ አልነገራትም! በጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀለበቱን ከኳሱ ጋር አጣብቆ ሲስል ነበር የኖረው። ጎንበስ ብሎ አየ። እንዳለችው ነበረ። በዚያ ብርድ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ ሚስቱ በገዛ ዓይኗ አይታለችና።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነች ትሉኝ ይሆናል። ሐኪሙ እንዳለው ሆነ፤ ብርሃኗ ቀስ በቀስ ሄደ። ነገር ግን ጊዜው ሳይደርስ መርፌዋን አላስረከበችም።

ምእመናን ሆይ፣ በእናንተ ቤት «ጉድለቱ የእኔ ነው» ብሎ ዝም ያለ ሰው የለምን? እናንተ «ለእኔ ወለል ብሎ ይታየኛል» ስላላችሁ፣ ጸሎት የተሳነው እርሱ ብቻ የመሰለው ልጅ የለምን? ኀዘን የከበዳት እርሷ ብቻ የመሰላት ሚስት የለችምን? የምትወዱትን ሰው ከብርድ ልትሰውሩ የዘጋችሁት መስኮት፣ እርሱኑ ከማየት ከልክሏችሁ እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን?

ጌታችን በሰማይ መስኮት አሻግሮ በማየት ብቻ አልቀረም። ወደ ብርዳችን ወጣ። ሥጋችንን ለበሰ፤ ከእኛ ጋር በደጃፋችን ተቀመጠ።

እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ያ ዝም ያለው ሰው ወዳለበት ሂዱ። አትምከሩት። «ለእኔም ብዥ ይላል» በሉት። አብራችሁትም ውጡ። የያዛችሁት ሙቀት እስኪበርድ ድረስ አንዱን ጋቢ ለሁለት ልበሱና ታገሡ። ከዚያም ምን እንደሚያይ እርሱን ጠይቁት፤ እናንተ ያላያችሁትን ይነግራችኋል።