የንጉሡን መቃብር የቆፈረው ሹም

«ተረት ተረት!»
«ይምጣ፣ ጆሯችን ክፍት!»

ጎሽ። ያቺ ጥግ ያለችው ግን የከፈተችው አፏን ብቻ ነው፣ አይቻታለሁ።

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ ኮርያ በሚባል አገር፣ አንድ ንጉሥ ሞተና ከወርቅ ዘውዱና ከወርቅ ቀበቶው ጋር ቀበሩት። በላዩ ድንጋይ ከመሩበት። ከዚያም አፈር ደፉበትና መቃብሩ ኮረብታ አከለ። ሣሩን የምታጭደውም፣ መቃብሩን የምትጠብቀውም ማልሱን የምትባል ባልቴት ነበረች። ከመቃብሩ አንድ ነገር ቢጠፋ የምትሞተው እሷ ናት።

ያገሩ ሹም ዶሺክ ይባላል። ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ሥጋና የሩዝ ጠላ የሚወድ ሰው ነው። ያ ዘውድ ሲያምረው ኖረ። «ልስረቀውና በባልቴቲቱ ላሳብብ» አለ በልቡ። ከዚያም መንደርተኛው ሁሉ ሩዝ ሊተክል በወረደበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዶማውን ይዞ ወጣና መቆፈር ጀመረ።

ማልሱን የረሳችውን ማጭድ ልትወስድ ስትመለስ የሹሙን መቀመጫ አየች። ጭንቅላቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዘውዱ ከወጣ መሞቷ ነውና ደነገጠች። ሮጣም ሰውን ሁሉ ከማሳው ጠራች።

ሹሙ ሕዝቡን ሲያይ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዶማውን ወርውሮ አፈር ላይ ተንከባለለና፦ «ወይኔ አባቴ! ይህ ንጉሥ የዘሬ ግንድ ነው። ናፍቆኝ ላቅፈው ብዬ ነው» ብሎ አለቀሰ።

ሰው ሁሉ አንጀቱ ተላወሰ። ማልሱን ግን ዋዛ አይደለችም።

፦ «እንግዲህ ጌታዬ፣ ያገራችንን ወግ ያውቁታል» አለች። «ለአባቱ ያዘነ ልጅ ከመቃብሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ሦስት ዓመት ይቀመጣል። ሥጋ አይበላም፣ ጠላም አይቀምስም።»

፦ «ሦስት ዓመት?»

፦ «ልጁ ካልሆኑማ ዶማው ምን ሊሠራ መጣ?»

«ልጁ ነኝ እንጂ!» አለ ሹሙ። ሰዎቹም ደስ እያላቸው ጎጆውን ሠሩለት። የአባትን መቃብር ሣር ማጨድ የልጅ ሥራ ነውና ማልሱን ማጭዷን አስጨበጠችውና ሄዳ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ያ ሁሉ ወርቅ ከሥሩ ተኝቶ እሱ ከላይ ሣር ያጭዳል። አንጀቴን ነው ያራሰኝ።

አንድ ቀን ከሰርግ ቤት የሥጋ ጥብስ ሸተተውና አላስችል አለው። ወደ መንደር ሮጠና፦ «አባቴ አይደለም። ሌባ ነኝ፣ ዘውዱን ልሰርቅ ነበር። እሰሩኝ፣ ብቻ ሥጋ ስጡኝ» አለ።

ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

፦ «ምስኪን፣ ሐዘኑ አእምሮውን ነካው» አሉ።

፦ «ገና አልወጣለትም» አለች ማልሱን። «አንድ ዓመት እንጨምርለት።»

ጨመሩለትም።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። ዳቦውን የያዛችሁ ወዲህ በሉ። እኔ ሐዘንተኛ አይደለሁም፣ ሥጋም ካለ እቀበላለሁ።