የሸህ ሙህየዲን ማንቆርቆሪያ

እናቴ በሞተች በሳምንቷ ከእህቶቼ ጋር ቤቷን ስናጠራ የወርቅ ጉትቻዋ ጠፋ። እኔም በሰፈሩ ሰው ፊት "እናቴን ካጠበችው ከዘሃራ በቀር ሳጥኑን ማን ነካው?" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዘሃራን ሬሳ እንድታጥብ የሚጠራት የለም። በዓመቱ ጉትቻውን እኔው በወሰድኩት የእናቴ ሻሽ ቋጠሮ ውስጥ አገኘሁት፤ ዝምም አልኩ።

ዝምታዬን የሰበረው የሸህ ሙህየዲን ታሪክ ነው።

ሸሁ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ የሚኖሩ አሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ ነበሩ። እህታቸው ሩቅያ ወደ አኺራ ስትሄድ ቤቷን ማጥራት በእሳቸው ላይ ወደቀ። ሩቅያ መዋስ የምትወድ፣ መመለስ የምትረሳ ደግ ሴት ነበረች። ስለዚህ ሸሁ "ውርሱ፣ ሚራሱ፣ ከመከፈሉ በፊት በእጇ የቀረው የሰው አማና ይውጣ" ብለው ዕቃውን ግቢ ውስጥ አስደርድረው ጎረቤቱን ጠሩ።

"ወይኔ ወንፊቴ!" አለች አንዷ። "ለልጄ ሰርግ ብፈልገው አጣሁት። ልጄ እኮ አሁን ሦስት ወልዳለች!"

ሐዘንተኛው ሁሉ ሳቀ።

ከአልጋው ሥር ግን ሸሁ ራሳቸው ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ ወጣ። እህታቸው ለእንግዳ ብላ እንደተዋሰቻቸው ያኔ ትዝ አላቸው። እሳቸው ግን ከስድስት ዓመት በፊት መስጊድ በር ላይ "ማንቆርቆሪያዬን ከአብዱሰመድ በኋላ አላየሁትም" ብለው ነበር። በዚያች ቃል የተነሳ ቆብ ሰፊው አብዱሰመድ ለውዱእ የሚያውሰው አጥቶ ውሃውን በጣሳ ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር።

የሩቅያ ልጅ ሰአዳ ጠጋ ብላ "አጎቴ፣ ነጠላዬ ሥር ልያዘው። ሰው ይስቅብዎታል" አለቻቸው።

"ይሳቅ እንጂ ልጄ። እስከ ዛሬ የተሳቀው በአብዱሰመድ ነው።"

በዚያው ቀን ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት የመስጊዱ ደጅ ሲሞላ፣ ሸሁ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርገው አሳዩና አብዱሰመድን ጠሩ። የሆነውን ሁሉ ሰው እየሰማ ተናገሩ። ከዚያም ዝቅ ብለው ውሃ ያፈሱለት ጀመር።

"አብዱሰመድ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

"ብያለሁ ሸሁ፣ ብያለሁ! ግን ስድስት ዓመት አስጠብቀውኝ ውሃውን ትንሽ እንኳ አያሞቁትም?"

ሸሁ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ሰአዳ ኋላ "ቤቱ ሄደው በጓዳ ቢነግሩት አይበቃም ነበር?" ብትላቸው እንዲህ አሉ፦

"ዕቃዬ የተገኘው ጓዳ ነው። የሱን ስም የጣልኩት ግን አደባባይ ላይ ነው።"

ይህች ቃላቸው ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። የሞተ ሰው ቤት ሲጠራ ወንፊቱም ድስቱም ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የሰው ስም ግን በየአፉ ሲዞር ይቀራል። ጉትቻውን ለእህቶቼ መልሻለሁ። ዘሃራንም ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ለምኛታለሁ፤ ስቃ ተቀበለችኝ። ስሟን የጣልኩት ግን በእናንተ፣ በሰፈሬ ሰዎች ፊት ነው።

ዘሃራ የማንንም ወርቅ አልነካችም። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እባካችሁ አውፍ በሉኝ።